ትዕዛዙ ትክክል፣ ሰርቨሩ ሌላ፦ የሚጋጩ ቅንብሮች መዝገብ የሚያጠፉት እንዴት ነው?

በደሴም በኮምቦልቻም ዛሬ መዝገቡን በኮምፒውተር የማይዝ መሥሪያ ቤት እየጠፋ ነው። መድኃኒት ቤቱ ክምችቱን፣ ክሊኒኩ የታካሚዎቹን ካርድ፣ ሆቴሉ የአልጋ ኪራዩን፣ የቁጠባ ማኅበሩ የአባላቱን ሂሳብ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ታዲያ አንድ ጠዋት የትናንቱ ሽያጭ የለም ሲባል ወይም የአባላት ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሁለት ወሬ ወዲያው ይነሣል። አንዱ «ተጠልፈናል» ነው፤ ሌላው «ባለሙያው ሥራውን አያውቅም» ነው።

ሁለቱም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛ ምክንያት መኖሩን ግን ከባለሙያዎች ውጭ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ትዕዛዙን የጻፈው ሥልጣን ያለው ሰው ነው፤ ትዕዛዙ አንድ ፊደል አልተዛነፈም፤ ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ፈጽሟል። የተሳሳተው መድረሻው ብቻ ነው። ለመሞከሪያው ታስቦ የተላከው ዋናው ሰርቨር ላይ አርፏል፤ ወይም ዋናው ላይ መመዝገብ የነበረበት መሞከሪያው ላይ ሲመዘገብ ውሏል። ይህን የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ የሚጋጩ ቅንብሮች ናቸው።

ነገሩ ለሁለት ሰዎች ያስፈልጋል፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ከሌላ ቦታ ተመርቆ ፕሮግራም መጻፍ ለጀመረው ወጣት፣ እንዲሁም መዝገቡን ለዚያ ወጣት አደራ ለሰጠው ባለቤት።

የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው?

ዳታቤዝ በሰንጠረዥ የተደራጀ መዝገብ ነው። ሰርቨር የምንለው ያን መዝገብ ይዞ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመልሰውን፣ ትዕዛዝ ሲደርሰው የሚፈጽመውን ኮምፒውተር ነው። እዚያው ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ሊቀመጥ ይችላል፤ አዲስ አበባ ወይም አውሮፓም ሊሆን ይችላል። ትዕዛዝ የሚልከው ሰው ሰርቨሩን በዓይኑ አያየውም።

ለአንድ ሥራ ከአንድ በላይ ሰርቨር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ትክክልም ነው። ደንበኛ የሚስተናገድበት ዋናው ሰርቨር አለ፤ ባለሙያዎች «ፕሮዳክሽን» ይሉታል። አዲስ ነገር የሚሞከርበትና ቢበላሽ ማንም የማይጎዳበት መሞከሪያ አለ። ባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ይኖራል። እነዚህ እያንዳንዳቸው «አካባቢ» ይባላሉ። በሦስቱም የሚሠራው ፕሮግራም አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ። እነዚህን የሚይዘው ነው የአካባቢ ቅንብር የሚባለው።

ትዕዛዙ አድራሻውን ከየት ያገኛል?

ትዕዛዙ ራሱ ውስጥ አድራሻ የለም። «የሽያጭ ሰንጠረዡን አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ የትኛው ሰርቨር ላይ እንደሆነ አይናገርም። አድራሻው የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ሲከፈት ነው። ግንኙነቱን የሚከፍተው ፕሮግራም ደግሞ አድራሻውን ከብዙ ቦታ ይለቃቅማል። ባለሙያው በእጁ የጻፈለት ነገር ካለ ያያል። ፕሮጀክቱ ውስጥ የቅንብር ፋይል አለ። በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ ሌላ የተደበቀ ፋይል ሊኖር ይችላል። በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተያዘ የአካባቢ ተለዋዋጭ አለ። ከእነዚህ ምንም ካልተገኘ ፕሮግራሙ ሲሠራ የተሰጠው ነባሪ አድራሻ አለ።

ከእነዚህ ውስጥ ለዓይን የሚሰወረው የአካባቢ ተለዋዋጭ ነው። ስምና ዋጋ ብቻ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሣ ያለውን ሁሉ ያወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ አብሮን ያለ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄሮኩ በተባለ ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የድረ ገጽ ፕሮግራሞች እንዴት ቢሠሩ እንደሚሻል 12 መመሪያዎች አወጡ፤ አንዱ «ቅንብርን ከፕሮግራሙ ጽሑፍ አውጥታችሁ በአካባቢ ተለዋዋጭ አስቀምጡ» የሚል ነበር። ምክሩ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አገኘ፤ ምክንያቱም በቂ ነበር፤ የይለፍ ቃል ሰው ሁሉ በሚያነበው የፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በዚያው ልክ ግን አድራሻው ከዓይን ራቀ። ፋይል ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፤ ተለዋዋጭ ግን ፈልገው ካልጠየቁት አይታይም።

ወሎን የሚያውቅ ሰው ግጭቱን በመንገድ ሊያስበው ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ ጭነት የያዘ ሾፌር «ሰኞ ገበያ አራግፍ» ተባለ እንበል። ሽቅብ ወደ ደሴ ቢወጣ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ፤ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ሰኞ ሰኞ የሚውለው የባቲ ገበያ አለ። በእጁ ያለው ወረቀት ደሴ ይላል። ጋቢናው ውስጥ ካለፈው ሳምንት የቀረው ወረቀት ባቲ ይላል። አሠሪው ደግሞ ድሮ «ሌላ ካልነገርኩህ ሁልጊዜ ባቲ ነው» ብሎታል። የትም ቢሄድ ተቀባይ አያጣም፤ አራግፎ ይመለሳል፤ «አድርሻለሁ» ቢል አልዋሸም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሾፌር ግራ ሲገባው ስልክ ይደውላል። ፕሮግራም ግራ አይገባውም። አስቀድሞ በተጻፈለት ደንብ አንዱን መርጦ፣ የተወውን ሳይጠቅስ ሥራውን ይቀጥላል።

ቅንብሮች ሲጋጩ የትኛው ያሸንፋል?

ችግሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ በየፕሮግራሙ ይለያያልና።

ሩቢ ኦን ሬይልስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ፕሮጀክቱ የራሱ የዳታቤዝ ቅንብር ፋይል አለው። ነገር ግን «ዳታቤዝ ዩአርኤል» የሚል የአካባቢ ተለዋዋጭ ከተገኘ ፋይሉ የሚለው ተትቶ የተለዋዋጩ ይወሰዳል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የትዕዛዝ መስኮት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። መጀመሪያ ተለዋዋጮችን ያነባል፣ ቀጥሎ ፋይሎችን፣ በመጨረሻ ባለሙያው በእጁ የጻፈውን፤ ኋላ የተነበበው የፊተኛውን ይሽራል። ስለዚህ ሬይልስ ላይ ፋይልን የሚያሸንፈው ተለዋዋጭ ማይኤስኪውኤል ላይ ከሁሉ ደካማው ነው። ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም ፖስትግሬስ በበኩሉ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ካገኘ እርሱን ይይዛል፤ ካላገኘ «ፒጂ ሆስት» የሚባለውን ተለዋዋጭ ይፈልጋል፤ እርሱም ከሌለ እዚያው ማሽን ላይ ወዳለው ሰርቨር ይገባል። የዳታቤዙን ስም ብቻ ጽፎ የገባ ሰው ወዴት እንደገባ የሚወስንለት ይህ ደንብ ነው።

አንድ ወጣት ባለሙያ በአንድ ቀን ከሦስቱም ጋር ሊሠራ ይችላል። ከአንዱ የለመደው ደንብ ሌላው ላይ ያሳስተዋል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ሌላም አለ። «ዶት ኢኤንቪ» በሚባል ፋይል ቅንብር መያዝ ተለምዷል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፋይሉን አንብቦ ወደ ተለዋዋጭ ይለውጠዋል። ይህን የሚሠሩት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ታዲያ ያ ተለዋዋጭ አስቀድሞ ካለ አይነኩትም፤ የነበረው ይቀጥላል። ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ አድራሻውን ወደ መሞከሪያው ይለውጣል፣ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ከፍቶ ያረጋግጣል። ፋይሉ ላይ የሚያየው ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ግን ጠዋት በዚያው መስኮት የተጻፈውን የዋናውን ሰርቨር አድራሻ ይዞ ይሠራል።

ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ባለሙያው ጠዋት የአንድ ደንበኛ ቅሬታ ደርሶት ዋናውን ዳታቤዝ ለማየት ፈለገ፤ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የዋናውን አድራሻ በተለዋዋጭ አስቀመጠ። ቅሬታውን አይቶ መለሰ። ከምሳ በኋላ በዚያው ባልተዘጋ መስኮት የፕሮግራሙን ፍተሻ አስነሣ። የፍተሻ ፕሮግራሞች ደግሞ ሥራ ሲጀምሩ ሰንጠረዦችን ማጽዳት ልማዳቸው ነው፤ ንጹሕ መነሻ ይፈልጋሉና። መሞከሪያው ላይ ቢሆን ይህ ምንም አይደለም። ዋናው ላይ ግን የደንበኛው መዝገብ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ባለሙያውም ማያ ገጹ ላይ የሚያነበው «ፍተሻው በሙሉ አልፏል» የሚል ሊሆን ይችላል።

ለምን «ስህተት» ብሎ አይጮህም?

ለሰርቨሩ ምንም ስህተት አልተፈጸመምና። መሞከሪያው የተሠራው ዋናውን እንዲመስል ተደርጎ ነው፤ የሰንጠረዦቹ ስም አንድ ነው፣ ዓምዶቹ አንድ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉም አንድ ይደረጋል። የመጨረሻው ለምቾት ሲባል የሚደረግ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። የይለፍ ቃሎቹ ቢለያዩ ኖሮ ተሳስቶ የመጣው ትዕዛዝ በር ላይ ይመለስ ነበር።

ጉዳቱም በሁለት አቅጣጫ ነው። ከመሞከሪያ ወደ ዋናው የሚሳሳተው በአንድ ጊዜ ይታወቃል፤ መዝገብ ይጠፋል፣ ሰው ይደነግጣል። ከዋናው ወደ መሞከሪያው የሚሳሳተው ዝም ብሎ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ሽያጩ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ማንም አያጉረመርምም፤ የተመዘገበው ግን ሰው በየጊዜው በሚያጸዳው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ የእውነተኛ ታካሚ ስምና የምርመራ ውጤት፣ ቁልፉ በብዙ ሰው እጅ ባለ መሞከሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በኢትዮጵያ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ «ተሳስቶ ወደ ሌላ ሰርቨር ሄደ» ማለት ለታካሚው መልስ አይሆንም።

በዚህ አካባቢ መዝገብ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተራቸውም ወረቀታቸውም የጠፋባቸው ተቋማት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በስንት ድካም የተሰበሰበ መዝገብ በአንድ ያረጀ ቅንብር ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል፤ ሊቀር የሚችል ጥፋት በመሆኑ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል።

ትናንት በትክክል ሠርቶ ዛሬ ለምን ይሳሳታል?

መብራት ጠፍቶ ስለመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን በቅርብ እንየው።

አንድ መድኃኒት ቤት የክምችትና የሽያጭ ፕሮግራም አለው እንበል። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ መጀመሪያ ሲያስነሣው የዋናውን ዳታቤዝ አድራሻ በተርሚናሉ መስኮት በእጁ ጻፈና ፕሮግራሙን አስጀመረ። የቅንብር ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ላፕቶፑ ላይ ሲሠራ የተጠቀመበት፣ ያለፈው ወር ቅጂ የተጫነበት የመሞከሪያ ዳታቤዝ አድራሻ ነው። ለሳምንታት ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ተለዋዋጩ ፋይሉን ሸፍኖታል። አንድ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት ይነሣል፤ ፕሮግራሙም ራሱን ያስነሣል። በእጅ የተጻፈው አድራሻ ግን ከመስኮቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ፕሮግራሙ ወደ ፋይሉ ይመለሳል፤ ከመሞከሪያው ጋር ይገናኛል፤ ሥራ ይጀምራል።

ረፋድ ላይ ባለቤቷ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ሐሙስ ያለቀው አሞክሳሲሊን ዛሬ አለ ይለኛል። መደርደሪያው ባዶ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ፕሮግራሙን ከነካሁት ቆየሁ።»

እውነቱን ነው፤ አልነካውም። አስተማማኙ ምልክት የመጣው ከባለቤቷ ነው፤ እርሳቸው ሰርቨር ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ፣ የመደርደሪያቸውን ልክ ግን ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ «ዘግተው ይክፈቱት» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሪፖርቱ የማይታወቅ ነገር ሲያሳይ፣ በተለይ የቆየ መረጃ ተመልሶ ሲመጣ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አድራሻው ነው።

ያለ መብራት መጥፋትም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሌሊት ሌሊት በቀጠሮ የሚነሡ ሥራዎች ባለሙያው በመስኮቱ የጻፋቸውን ተለዋዋጮች አያገኙም፤ በጣም ጥቂት ቅንብር ብቻ ይዘው ነው የሚነሡት። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትዕዛዝ ለማስፈጸም የሚጠቅመው «ሱዱ»ም በነባሪ አሠራሩ አብዛኞቹን ተለዋዋጮች ያራግፋል። ስለዚህ ቀን በእጅ ሲሞከር በትክክል የሠራ ሥራ ሌሊት በቀጠሮ ሲነሣ ሌላ ሰርቨር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ባለሙያው ጠዋት መጥቶ በእጁ ሲሞክረው ደግሞ ትክክል ይሠራለታል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ቀኑ ያልቃል።

«ሎካልሆስት» ካልኩ ራሴው ማሽን ላይ አይደለሁም?

«ሎካልሆስት» ማለት «ይኸው የተቀመጥኩበት ማሽን» ማለት ነውና ብዙዎች ይህን ሲጽፉ ከአደጋ የራቁ ይመስላቸዋል። በላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ግን አንድ ማሽን ሁሉንም ይሸከማል፤ ዋናው ዳታቤዝም መሞከሪያውም እዚያው ናቸው። ሁለቱን የሚለያቸው ፖርት የሚባለው የመግቢያ ቁጥር ነው። የማይኤስኪውኤል ነባሪ ቁጥር 3306 ነው፤ መሞከሪያው በ3307 እንዲገባ ተደርጓል እንበል።

ባለሙያው መሞከሪያውን ሊያጸዳ ተነሥቶ አድራሻውን «ሎካልሆስት»፣ ፖርቱን 3307 ብሎ ጻፈ። የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በሊኑክስና በመሰሎቹ ላይ የማይኤስኪውኤል የትዕዛዝ መስኮት «ሎካልሆስት» የሚለውን ስም ለብቻው ያየዋል። በኔትወርክ መሄዱን ትቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ሶኬት በሚባል ውስጣዊ መገናኛ ይገባል፤ የተጻፈለትን የፖርት ቁጥርም አይመለከተውም። ሶኬቱ ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋናው ዳታቤዝ ነው። ማስጠንቀቂያ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስሙ ፈንታ 127.0.0.1 ብሎ በቁጥር መጻፍ፣ ወይም ግንኙነቱ በኔትወርክ እንዲሆን በግልጽ ማዘዝ። ነገር ግን ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ለጀማሪ ባለሙያ በመጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው የሚገባ ነው።

ትልልቆቹስ አይሳሳቱም?

ይሳሳታሉ። በስፋት የሚታወቀው ጊትላብ በተባለው የፕሮግራም ጽሑፍ ማስቀመጫ ኩባንያ የደረሰው ነው፤ ኩባንያው ራሱ ዝርዝሩን ለሕዝብ ስላወጣ ሁሉም የሚማርበት ሆኗል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት አንድ ባለሙያ ሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ከዋናው ጋር ለማስተካከል ሲታገል ቆይቶ፣ የሁለተኛውን የመረጃ ማኅደር ሊያጠፋ አስቦ ትዕዛዙን የሰጠው ዋናው ላይ ነበር። የሰርቨሮቹ ስም የሚለየው በአንድ አሃዝ ብቻ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነቅቶ አቋረጠው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው ግን 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

እዚያ የሳተው የሰው ዓይን ነው፤ የቅንብር ግጭት የታየው ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲኬድ ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራው በፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም በቅንብር ምክንያት የ9.2 እትም ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ስለማይግባቡ ቅጂ መውጣት አቁሞ ኖሯል፤ ማንም አላወቀም። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አይደርሱም ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ባለሙያው ለሌላ ሥራ በእጁ ያወጣው ቅጂ ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ከወሰናቸው ማስተካከያዎች አንዱ ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስመር መጀመሪያ ላይ የትኛው ሰርቨርና የትኛው አካባቢ እንደሆነ በጉልህ እንዲታይ ማድረግ ነበር።

ከመላክ በፊት እንዴት ይታወቃል?

ቅንብሩን ሳይሆን ሰርቨሩን በመጠየቅ። ፋይል ማንበብ ምን እንደታሰበ ይነግራል፤ የት እንደተደረሰ የሚያውቀው ግን ግንኙነቱ የተከፈተበት ሰርቨር ነው። ማይኤስኪውኤልን የማሽንህን ስምና የፖርት ቁጥርህን ንገረኝ ቢሉት ይናገራል። ፖስትግሬስ «ኮንኢንፎ» በሚለው አጭር ትዕዛዝ የዳታቤዙን ስም፣ ተጠቃሚውንና የተገናኙበትን መንገድ ያሳያል። የሚያጠፋ ወይም የሚለውጥ ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት ይህ አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት።

ይህም ቢሆን ክፍተት አለው። በምሥጢራዊ መተላለፊያ በኩል ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር የተገናኘ ሰው አድራሻውን ሲያይ 127.0.0.1 ሊመጣለትና ላፕቶፑ ላይ ያለ ሊመስለው ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ማንነቱን ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ መጻፍ ነው፤ «እኔ ዋናው ነኝ» የሚል አንድ ሰንጠረዥ። ሬይልስ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አምስተኛው እትሙ ያደረገው ይህንን ነው። እያንዳንዱ ዳታቤዝ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ በውስጡ ይመዘገባል፤ ማዕቀፉ ዳታቤዝ እንዲያጠፋ ሲታዘዝ መጀመሪያ ያንን ያነባል፤ «ፕሮዳክሽን» የሚል ካገኘ እምቢ ይላል። ቅንብሩ የቱንም ያህል ቢሳሳት ማረጋገጫው ከቅንብሩ ውጭ ነው። በሌላ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ይህንኑ በጥቂት መስመር ሊጽፈው ይችላል።

ሁለተኛው ነባሪውን መንሣት ነው። አድራሻ ካልተሰጠው ፕሮግራሙ ወደ ፋይል ወይም ወደ ነባሪ ከመሄድ ይልቅ «አድራሻ የለኝም» ብሎ ይቁም። በመድኃኒት ቤቱ ታሪክ ይህ ተደርጎ ቢሆን ጠዋት ፕሮግራሙ አልነሣም ይል ነበር፤ ባለሙያው ተጠርቶ ያስተካክለው ነበር፤ አንድም ሽያጭ ሌላ ቦታ አይመዘገብም ነበር። ሁለት ቦታ የተለያየ አድራሻ ሲገኝም እንዲሁ መቆም ይሻላል። ፕሮግራም ሲነሣም ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተገናኘና አድራሻውን ከየት እንዳገኘ በአንድ መስመር ይናገር።

ፖስትግሬስ ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው፤ ትዕዛዙን በ«ቢጊን» ከፍቶ ውጤቱን አይቶ በ«ሮልባክ» መመለስ ይችላል፤ ሰንጠረዥ የማጥፋት ትዕዛዝ እንኳ ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን ሰንጠረዥ ማጥፋት ወዲያው ይጸናል፤ ያንን ልማድ ይዞ መሻገር አደጋ ነው።

ቴክኒኩን የማያውቅ ባለቤት ምን ይጠይቅ?

ባለሙያን ማሳቀቅ ሳይሆን ጥቂት ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል። የዋናውና የመሞከሪያው የይለፍ ቃል የተለያየ ነው? መልሱ «አንድ ነው» ከሆነ ዛሬውኑ ይለወጥ። የመሞከሪያው ኮምፒውተር ዋናውን በኔትወርክ ሊደርስበት ይችላል? ባይችል ይመረጣል፤ በር የሌለው ቤት ተሳስቶ አይገባበትም። በየቀኑ የሚጠቀሙበት የተጠቃሚ ስም ሰንጠረዥ የማጥፋት ሥልጣን አለው? አብዛኛው የዕለት ሥራ ያንን አይፈልግም። የመጨረሻው ደግሞ «ባክአፕ አለን?» መባል የለበትም፤ «አለን» መባሉ አይቀርምና። «የመጨረሻውን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭነህ አሳየኝ» ይባል።

ከሆነ በኋላስ?

መጀመሪያ እጅን መሰብሰብ። ለማስተካከል የሚላክ ችኩል ትዕዛዝ ተመሳሳይ ቅንብር ይዞ ስለሚሄድ ጥፋቱን ይደግመዋል። ወደ ዳታቤዙ የሚጽፈው ፕሮግራም ይቁም፤ ሰዓቱ በወረቀት ይጻፍ፤ የተረፈው ሁሉ ሳይነካ ይቀዳ። ማይኤስኪውኤል ከስምንተኛው እትም ጀምሮ የለውጦችን ተከታታይ መዝገብ በነባሪ ይይዛል፤ ካልተለወጠም 30 ቀን ያቆየዋል። የመጨረሻውን ቅጂ በተለየ ማሽን ላይ ጭኖ ከዚያ በኋላ የተደረጉትን ለውጦች ጥፋቱ እስከደረሰበት ሰዓት ድረስ ማስኬድ ይቻላል። ፖስትግሬስም ተመሳሳይ ችሎታ አለው፤ ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት የለም።

ሽያጩ ወደ መሞከሪያው የሄደ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መሞከሪያውን የሚያጸዳው የቀጠሮ ሥራ ይቁም፤ ብቸኛው የዚያን ቀን መዝገብ እዚያ ያለው ነው። ከዚያ ሁለቱን ማዋሐድ ይመጣል። በጅምላ መገልበጥ አይቻልም፤ ሁለቱም ዳታቤዞች ለደረሰኝ በተራ ቁጥር ሲሰጡ ስለቆዩ አንዱ ቁጥር በዋናው የአንድ ደንበኛ፣ በመሞከሪያው የሌላ ደንበኛ ሆኖ ይገኛል። ያለው መንገድ የቀኑን ሽያጭ ከመሞከሪያው ማውጣት፣ አዲስ ቁጥር መስጠት፣ ከታተሙት ደረሰኞች ቅሪት ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ ወደ ዋናው ማስገባት ነው። ይህን ሥራ ባለሙያው ለብቻው መጨረስ አይችልም፤ የዚያን ቀን የሸጠው ሰው አብሮት መቀመጥ አለበት።